ወጡ ይጣፍጣል፤ ፎቶው ለምን አይጣፍጥም?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ምግቡ ሲቀርብ ያስጎመዣል፣ ፎቶው ላይ ግን ወዙ የለም። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። የጾም በያይነቱ በስልክ እያነሳሁ ለደንበኞች እልካለሁ። እንጀራው ግን ወረቀት ይመስላል፣ ዓይኑ አይታይም። የማነሳው ምሳ ከመድረሱ በፊት፣ 6 ሰዓት ገደማ ግቢ ውስጥ ነው። ስልክ ልቀይር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስልኩ ይቆይ። የእንጀራ ዓይን የሚታየው በጥላ ነው። እያንዳንዱ ዓይን ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ ብርሃን ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ አንደኛው ጠርዝ ይጠላል፣ ማዶው ይበራል፣ ያኔ ጥልቀቱ ይታያል። በ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ናት። እርስዎም ስልኩን ከላይ ይዘው ሲያነሱ ብርሃኑና ስልኩ ከአንድ አቅጣጫ ይመጣሉ፣ ጉድጓዱ እስከ ታች በብርሃን ይሞላል፣ እንጀራውም ልሙጥ ይሆናል። የስልኩ ፍላሽም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግቢው ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሮ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይለብሳል፤ ያንን በኋላ በስልክ ላስተካክል ማለት ጎመኑን አድኖ ምስሩን መግደል ነው።

ወደ ቤት ይግቡ። ጠረጴዛውን ከመስኮት ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ ትሪው ከመስኮቱ ደፍ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል ጥሩ ነው፣ ብርሃኑ እንጀራውን ዳስሶ ያልፋልና። የክፍሉን አምፖሎች በሙሉ ያጥፉ። ፀሐይዋ በቀጥታ ከገባች መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ይስቀሉ፤ አንድ እጥፍ ይበቃል፣ ሁለት እጥፍ ከሆነ ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል። ጥለት ያለው ጫፍ ብርሃኑ መንገድ ላይ አይግባ፣ ቀለሙ ምግቡ ላይ ያርፋል። ከመስኮቱ ማዶ፣ ከትሪው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን ያቁሙ። ካርቶኑን በጣም ካስጠጉት ጥላው ይጠፋል፣ እንጀራውም ተመልሶ ወረቀት ይሆናል። እያስጠጉና እያራቁ ዓይኖቹን ብቻ ይመልከቱ፤ መቼ ማቆም እንዳለብዎ እነሱ ይነግሩዎታል።

በያይነቱ ከላይ ቀጥ ብሎ ቢነሳ ያምራል፣ ክቡ ሙሉ ይታያልና። ስልኩን ወደ ትሪው ካስጠጉት ግን ሰፊው ሌንስ ክቡን ያጣምመዋል። ወንበር ላይ ቆመው ራቅ ይበሉና 2 እጥፍ አቅርበው ያንሱ። መሃል ላይ ጣትዎን ነክተው ያቆዩ፣ ትኩረቱና የብርሃን መጠኑ ይቆለፋል፤ ከዚያ ጣትዎን ትንሽ ወደ ታች ስበው ያጨልሙት። ከሁሉ በፊት ግን ሌንሱን ይጥረጉ። ወጥ ቤት የሚውል ስልክ ሌንሱ ሁልጊዜ ቅባት ነው፤ ፎቶው ጭጋግ የለበሰው በዚህ ሊሆን ይችላል።

ስለ ወጦቹም ትንሽ እንበል። እንጀራው በበጋ አየር በሩብ ሰዓት ውስጥ ጠርዙ ይደርቃል፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር እስኪዘጋጅ እርጥብ ጨርቅ ይልበስ። ወጦቹን በቀዳዳ ማንኪያ አውጥተው መረቁ ከወረደ በኋላ ያስቀምጡ፤ አንድ ማንኪያ መረቅ በመጨረሻዋ ደቂቃ ከላይ ጠብ ያድርጉ። ቀይ ሥር ውሃው ስለሚሮጥ መጨረሻ ይቀመጥ። ጎመን ብዙ ሲበስል ወደ ቡናማ ስለሚሄድ ለፎቶው አንድ እፍኝ ለብቻ 2 ደቂቃ ቀቅለው ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱ። ሽሮና ክክ ጎን ለጎን አይሁኑ፤ በመሃላቸው ጎመን ወይም ምስር ይግባ።

ጥያቄ፦ ስለ ምግብ ፎቶ የማገኘው ምክር ሁሉ «በሰሜን መስኮት አንሺ» ይላል። እዚህ ይሠራልኛል። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ እናቴ ቤት ስሞክረው ግን ፀሐይ ትሪው ላይ ገባች። ምን አጠፋሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ያጠፉት ነገር የለም። ምክሩ የተጻፈው ለሰሜኑ አገር ነው። እርስዎ ያሉበት አካባቢ በ39 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፤ የሰሜኑ መስኮት የሚያገኘው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፣ በአሜሪካ በጋ ማለዳና አመሻሽ ላይ ለጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀር። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ በእነዚያ ወራት እናትዎ ቤት የደቡቡን መስኮት ይምረጡ፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት የሰሜኑን። የክረምት ደመና ራሱ እንደ ነጠላ ብርሃኑን ያለሰልሳል፤ ችግሩ ማነሱ ነው። ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አስረው የሹተሩን (ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋውን የካሜራ መጋረጃ) ፍጥነት ወደ 1/15 ሰከንድ ያውርዱ፤ ወጥ አይንቀሳቀስም።

ጥያቄ፦ ዶሮ ወጥ ሳነሳ ወይ ጥቁር ይሆናል ወይ ብርቱካን። እንቁላሉም ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ካሜራዬ ደህና ነው፣ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ነው። (ከመቀሌ)

መልስ፦ ሦስት ነገር ተደራርቦብዎታል። የመጀመሪያው የበርበሬ ቀይ ነው። ካሜራ ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን ለየብቻ ይመዘግባል፤ ወጡ ላይ ቀዩ ከሌሎቹ ቀድሞ ጣሪያ ይነካል። ከነካ በኋላ የሽንኩርቱ ቁሌት፣ የቅቤው ወዝ፣ የሥጋው ጅማት ሁሉ አንድ ወጥ ብርቱካን ይሆናል። ካሜራዎ የሦስቱን ቀለም ግራፍ ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ የቀዩን ይከታተሉ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ ከተደፋ ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) ከ1/3 እስከ 2/3 ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ደረጃ) ይቀንሱ። ቀለም የሚያደምቀውን ሁነታ ትተው ገለልተኛውን ይምረጡ። እንቁላሉም በዚሁ ይድናል፤ የእንቁላሉ ነጭ ላይ ጥላ ከታየ መጠኑ ትክክል ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የብርሃን አቅጣጫ ነው። ብርሃኑ ከእርስዎ ጀርባ ከመጣ ወጡ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ ምክንያቱም ቅባቱ የሚያበራው ብርሃን ከማዶ ሲመጣ ነው። ትሪውን እንደ ሰዓት ፊት ያስቡት፤ እርስዎ 6 ቁጥር ላይ ከቆሙ መስኮቱ 10 ወይም 2 ቁጥር ላይ ይሁን። ካሜራውን ወደ 45 ዲግሪ ዝቅ ያድርጉ። ነጩ ካርቶን ከፊት በኩል ሆኖ የታፋውን ጥላ ያንሳ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ቅቤው ይረጋል። ወጡ ሲቀዘቅዝ ከላይ የተንሳፈፈው ቅቤ ይደበዝዛል፣ ወዙ ወደ ነጭ ሽፋን ይለወጣል። ሸክላ ድስቱ ምድጃው ላይ ይቆይ፤ ብርሃኑም ቦታውም ከተስተካከለ በኋላ ይምጣ። ከደበዘዘ የሞቀ ንጥር ቅቤ በትንሽ ብሩሽ ይቀቡት። በሌሎች አገሮች ማስታወቂያ ላይ የሚነገሩትን የሞተር ዘይትና የሙጫ ብልሃቶች አንመክርም፤ ምግቡ አይበላም፣ ደንበኛውም ያልተሸጠለትን ነገር ያያል።

ሌንሱን በተመለከተ፦ በኤፍ 1.8 (የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው ተከፍቶ) ካነሱ እንቁላሉ ጥርት ብሎ ታፋው ይደበዝዛል። ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ድረስ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ሳነሳ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ። (ከአዳማ)

መልስ፦ የአምፖሉ ብልጭታ ነው። የእኛ አገር መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ አንዳንድ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ያድርጉት። አሜሪካ ያላችሁ 1/60 ወይም 1/120።

ጥያቄ፦ የቡና እንፋሎት በፎቶ አልወጣ አለኝ። የዕጣን ጭስ ከስኒው ጀርባ አድርጌ ባስመስለውስ? (ከጅማ)

መልስ፦ ቡና የሚያውቅ ሰው ይለየዋል። የዕጣን ጭስ ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሆኑ ጥቁር ነገር ፊት ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ እንደ ክር ረዝሞም ይወጣል። እንፋሎት የውሃ ጠብታ ነው፤ ነጭ ነው፣ ከስኒው ጥቂት ከፍ ብሎ ይጠፋል። ዕጣኑ በራሱ ቦታ፣ ማጨሻው ላይ ሆኖ ይታይ።

እንፋሎቱ እንዲወጣ ሁለት ነገር ይበቃል፦ ብርሃን ከኋላ፣ ጥቁር ነገር ከእንፋሎቱ ኋላ። መስኮቱ በስተጀርባ በኩል ወደ ጎን ገባ ያለ ይሁን፤ ከስኒው አንድ ሜትር ርቀት ላይ ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ይኑር። ጠዋት፣ ክፍሉ ሳይሞቅ ያንሱ፤ ቀዝቃዛ አየር እንፋሎቱን ያበዛዋል። መስኮትና በር ይዘጋ፣ ነፋስ ይበትነዋልና። ሹተሩ ከ1/60 እስከ 1/125 ከሆነ እንፋሎቱ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከጀበናው የሚወርደውን ቀጭን ቡና ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ግን 1/500 ያስፈልጋል፤ ሁለቱን በአንድ ፎቶ አይሹ። የተጎዘጎዘው ቄጠማ ፀሐይ ካረፈበት የነጩን ስኒ ሆድ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ከስኒው ፊት ያለውን ትንሽ ገለል ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ለወጣቶች የምግብ ፎቶ ስልጠና እሰጣለሁ። ሰልጣኞቹ ስለ ካሜራ ቁጥር ብቻ ይጠይቃሉ፣ ፎቷቸው ንጹሕ ነው፣ ግን አያስርብም። ስለ ማሽተት፣ መንካት፣ መስማት እንዴት ላስተምር? 12 ሰው አለኝ፣ ጊዜው አንድ ቀን ነው። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ሰዓት ያለ ካሜራ ይሁን። ስልክም ካሜራም ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ሰልጣኞቹ ዓይናቸውን በሻሽ ይሰሩና አንድ በአንድ ይቅረብላቸው፦ ቁራጭ እንጀራ፣ ትንሽ በርበሬ (ሚጥሚጣ ይቅር፣ ክፍሉ በሙሉ ያስነጥሳል)፣ የሞቀ ንጥር ቅቤ፣ ሳምቡሳ፣ ሲቆላ የሚንጣጣ ቡና። ምግብ የማይስማማው ሰው እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ። ይዳስሱ፣ ያሽትቱ፣ ያድምጡ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው የተሰማቸውን በቃል ይጻፉ። «ጣፋጭ» እና «ምርጥ» አይቆጠሩም። ሻካራ፣ ወዛም፣ ትኩስ፣ ለስላሳ፣ ተሰባሪ፣ እንዲህ ያሉ ቃላት ይፈለጋሉ።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ብርሃን ይጻፉ። ሻካራ ከጎን ዝቅ ያለ ብርሃን ይፈልጋል። ወዛም ከኋላ የሚመጣ። ትኩስ ከኋላ የሚመጣ ሆኖ ጥቁር ጀርባ ይጨመርበታል። ለስላሳ በነጠላ ያለፈ ሰፊ ብርሃን ነው፤ አይብ እንዲህ ነው የሚነሳው። ተሰባሪ ምንም ያልጋረደው ፀሐይ ይወዳል፣ ጥላው ስለታም ሆኖ የሳምቡሳው ቅርፊት ሲሰበር ያለው ድምፅ የሚሰማ ያህል ይሆናል፤ ፍርፋሪውም አይጠረግ። ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹ ቦታ ያገኛሉ፣ ሰልጣኙ ለምን እንደሚፈልጋቸው ያውቃልና።

ሁለተኛው መልመጃ እንቁላል ነው። ቅርፊቱ ነጭ የሆነ እንቁላል ነጭ ወረቀት ላይ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። ሰልጣኙ ጠረጴዛውን እየዞረ፣ ማስተካከያውን ሳይነካ 6 ፎቶ ያንሳ። ከዚያ ሌላው ሰልጣኝ ፎቶዎቹን ብቻ እያየ መስኮቱ በየት በኩል እንደነበር ይናገር። ይህን መመለስ የማይችል ሰው ወደ ወጥ አይለፍ።

አንድ ሜትር ከሃያ ያህል ስፋት ያለው መስኮት ሁለት ጠረጴዛ ያስተናግዳል። በየጠረጴዛው ሦስት ሰው ይሁን፦ አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ነጩን ካርቶን ይይዛል፣ አንዱ ምግቡን ይጠብቃል፤ በየ20 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ለ12 ሰው አራት ጠረጴዛና ሁለት መስኮት ማለት ነው። አምስተኛ ጠረጴዛ በክፍሉ መሃል ቢጨምሩ ያ ቡድን ቀኑን ሙሉ ከጨለማ ጋር ይታገላል።

ስልጠናን በብዛት የሚያበላሸው የምግቡ ሰዓት ነው። ምግቡ አንድ ጊዜ ቀርቦ ሰልጣኞቹ ገና ትራይፖድ ሲተክሉ እንጀራው ይደርቃል፣ ቅቤው ይረጋል። በሁለት ዙር ያሠሩ። የመጀመሪያው ሳህን መለማመጃ ነው፣ ብርሃንና ቦታ ይስተካከልበታል፤ ትኩሱ ሳህን የሚገባው ሁሉም «ዝግጁ» ሲል ብቻ ነው። ለአራት ጠረጴዛ፣ ለሁለት ዙር፣ በየሳህኑ ሁለት እንጀራ 16 ይሆናል፤ ለሚደርቀውና ለሚቀደደው 4 ይጨምሩ። የምሳው ለብቻው ነው።

ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ይነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹ ይገምገሙ። ፕሮጀክተር የበርበሬን ቀለም ስለሚያጥበው በላፕቶፕ ያሳዩ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ «በስንት ሹተር አነሳህ?» ሳይሆን «የትኛውን ቃል ነው የፈለግኸው?» ይሁን።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ምግቡ በሙሉ የጾም ይሁን፣ በቅቤው ፈንታም ዘይት ይግባ። በረመዳን የሚጾም ካለ ቅምሻ አይኑር፤ መንካቱና ማሽተቱ ለመልመጃው ይበቃል። በፍስክ ክትፎ ለማንሳት ካሰቡ መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ጥሬው ክትፎ አየር ላይ ሲቆይ ቀዩ ወደ ቡናማ ስለሚዞር ከተለወሰ በኋላ ወዲያው ይነሳ፤ በየጠረጴዛው ሲዞር የቆየው ክትፎም ለማንም አይቅረብ።