ከርክክብ በኋላ የሚገለጥ የቁስ ጉድለት፦ የኪነ ጥበብ ሥራ ለሚያሠሩና ለሚሠሩ

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ በአንድነት መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ለሆቴሌ አዳራሽ ያሠራሁት የዘይት ቀለም ሥዕል በሁለተኛው ዓመት ከላይኛው ማዕዘን ጀምሮ እየተላጠ ነው። ሠዓሊው «አይተው ፈርመው ተረክበዋል» ይለኛል። ውላችን ስለ ቁሱ የሚለው «ጥራት ባለው ቀለምና ሸራ» ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የርክክብ ፊርማ በዕለቱ ሊታይ የሚችለውን ጉድለት በተመለከተ ክርክር ሊዘጋ ይችላል፤ ከቀለሙ ሥር ተደብቆ የነበረውን ጭምር ይዘጋል የሚለውን ግን አልቀበልም። ከሁሉ በፊት ማንም ሰው ሥዕሉን እንዳይጠግነው ያድርጉና የወደቀውን ልጣጭ ጀርባውን ይመልከቱ። ነጩ መደብ (ከቀለሙ በፊት ሸራው ላይ የሚቀባው ንብርብር) አብሮ ከተነሣ ችግሩ በሸራውና በመደቡ መካከል ነው፤ ቀለም ብቻ ከተነሣ ደግሞ ቀለሙ ከሥሩ ካለው ንብርብር ጋር አልተያያዘም ማለት ነው፤ ይህም ለምሳሌ በዘይት ቀለም ላይ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ሲደረብ የሚደርስ ነው። ከማዕዘኑ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ የክረምት ዝናብ የሚያስገባ ከሆነ ግን ሠዓሊውን መጠየቅ አግባብ አይሆንም። ይህን ካጣሩ በኋላ ሳይዘገዩ ጉድለቱን በጽሑፍ ያሳውቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 የሚያነሣው 10 ዓመት፣ ሕግ ሌላ ጊዜ ባልወሰነበት ሁኔታ የሚሠራ ይርጋ (በውል ላይ የተመሠረተ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) እንጂ ለሥዕል የተሰጠ ዋስትና አይደለም።

«ጥራት ያለው» የሚለው ቃል ዳኛም ባለሙያም ሊለካው ስለማይችል ለሁለታችሁም አይጠቅምም። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ የተመሠረተ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነውና የሚከተለውን ዓይነት ቃል ቢጽፉ ይሻላል፦ «ሠዓሊው የሸራውን፣ የመደቡን፣ የቀለሙንና የቫርኒሹን ዓይነት ዘርዝሮ ያስረክባል። በርክክብ ጊዜ ሊታይ የማይችል የቁስ ወይም የአሠራር ጉድለት በ5 ዓመት ውስጥ ቢገለጥ፣ አሠሪው ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ሠዓሊውም በራሱ ወጪ ይጠግናል፤ ሊጠገን የማይችል ከሆነ ከዋጋው ተመጣጣኙን ይመልሳል። ከእርጥበት፣ ከቀጥታ ፀሐይና ከአያያዝ የሚመጣ ጉዳት የአሠሪው ነው።» የዓመቱና የቀኑ ቁጥር ግን በስምምነት የሚወሰን ነው።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ በወይራ እንጨት የቀረጽኩት ሥራ ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ተሰነጠቀ። ወደፊት «ካስረከብኩ በኋላ ኃላፊነት የለብኝም» ብዬ ልጽፍ እችላለሁ?

መልስ፦ ኃላፊነትን በውል መገደብ ይቻላል፤ እያወቁ የደበቁትን ጉድለት ግን በዚህ ቃል መሸፈን አይችሉም። እንጨቱ እርጥብ እንደሆነ እያወቁ ከሸጡ ቃሉ አያድንዎትም። እንጨት ሲደርቅ የሚኮማተረው ከቁመቱ ይልቅ በወርዱ ስለሆነ፣ ያልደረቀ እንጨት ከደጋ ወደ ሞቃት ዝቅተኛ ቦታ ሲወርድ ለመሰንጠቅ ይጋለጣል። ስለዚህ ሳንቃውን በየሳምንቱ ይመዝኑ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም መቅረጽ ይጀምሩና የመጨረሻውን ክብደትና ቀን በውሉ ላይ ያስፍሩ። ይህ ከማንኛውም የማምለጫ ቃል የበለጠ ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ለትምህርት ቤታችን የተሠራው የሲሚንቶ ሐውልት ቡናማ እድፍ እያወጣና እየተሰነጠቀ ነው።

መልስ፦ ከውስጥ ያለው ብረት ዝጓል ብዬ እገምታለሁ፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሲሚንቶውን ይገፋዋል። በቅባት መሸፈኑ አያድነውም። ለሚቀጥለው ውል የብረቱን ዓይነትና ከላዩ የሚኖረውን የሲሚንቶ ውፍረት በሚሊሜትር ያስጽፉ፤ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊትም ቀራጺው የብረቱን አሠራር ፎቶ እንዲሰጣችሁ አስገድዱ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ለሥዕሉ ብራናውን ያቀረበው ደንበኛው ነው። ብራናው ቢበላሽ እኔ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ብራናውን ሲረከቡ በብርሃን አንጻር ዘርግተው ይመርምሩት፤ ያልተፋቀ ሥጋ፣ ቅባት ወይም የነፍሳት ቀዳዳ ካዩ ሥራውን ሳይጀምሩ ለደንበኛው በጽሑፍ ያሳውቁ። እሱ «ግድ የለም፣ ቀጥል» ካለ መልሱን አስፈርመው ያስቀምጡ፤ ካላሳወቁ ግን እንደ ባለሙያ ሊያውቁት ይገባ ነበር የሚል ክርክር ይቀርብብዎታል።