ቀለቡ የልጅሽ ነው፣ ፈርመሽም ቢሆን መጠየቅ ትችያለሽ

እህቴ፣ ስንለያይ «ለልጄ ቀለብ አልጠይቅም» ብዬ በሽማግሌ ፊት ፈርሜያለሁ፣ አሁን ብከሰው በወረቀቱ ይረታኛል ወይ ብለሻል። አብሽሪ፣ አይረታሽም። ይህን የምልሽ እንዲህ ያለ ወረቀት እዚሁ ደሴ በገዛ እጄ ስለጻፍኩ ነው።

ጎረቤቶቻችን ሲለያዩ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። እሱ ቤቱንና ዕቃውን ይልቀቅላት፣ እሷ በቀለብ እንዳትጠይቀው አልን። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሁሉም ፈረመ። ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ስትፈርም ጭኗ ላይ ተኝታለች። አምስት ዓመት ቆይቶ የትምህርት ቤቱም የሕክምናውም ወጪ ሲደራረብባት እናትየው ከሰሰች፣ አባትየው ያንን ወረቀት ይዞ ቀረበ፣ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ።

ዳኛዋ አነበቡትና «ልጅቷን ወክሎ የተስማማው ማነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ቀለብ የእናት ገንዘብ አይደለም፣ የልጅ መብት ነው። የራስሽን ድርሻ ብትተዪ ትችያለሽ፣ የልጅሽን ግን አንቺም እኛ ሽማግሌዎችም ልንተውበት አንችልም። እኛ ጋ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ቀለብ ሲባል ደግሞ እህል ብቻ አይደለም፤ መጠለያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱም አለበት። በጋብቻ ባይወለድም አባትነቱ ከታወቀ ያው ነው።

ስምምነት ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ማን ያሳድግ፣ በወር ስንት ይስጥ ብላችሁ ብትስማሙና የልጁን ጥቅም የሚጠብቅ ሆኖ ፍርድ ቤት ቢያጸድቀው ጥሩ ነው። ንብረት ክፍፍል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤቱን ስለለቀቀ ብቻ አባት ከቀለብ ነጻ አይወጣም።

አሁን የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የትምህርት ቤት ደረሰኞችን፣ የሱን ገቢ የሚያሳይ ማስረጃ ሰብስቢ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል ካልሽ ቀሎልሻል፣ ፍርድ ቤቱ በየወሩ ከደሞዙ ተቆርጦ እንዲሰጥሽ ማዘዝ ይችላል። መጠኑ በልጁ ፍላጎትና በአባቱ አቅም ይወሰናል፤ ኑሮ ሲወደድ ይጨመርልኝ ብለሽ ማመልከትም ትችያለሽ። ብቻ አትዘግዪ፣ ያለፈውን ውዝፍ ማስከፈል ይከብዳል።

የኛ ጎረቤት ተፈርዶበት ይከፍላል። ለጥቂት ወራት ሰላምታ ነስቶኝ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ስጠራ ከንብረቱ በፊት የማነሳው የልጁን ቀለብ ነው።

ወረቀቱንም አትደብቂው፣ እሱ ማቅረቡ አይቀርም። ክስ ስታጽፊ ራስሽ አንሺው፣ ኮፒውንም አያይዢው።