80 በመቶ፦ የማን፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር?

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ ሰላምታዬ ይድረስ። የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ በመሆኔ የዕድሩን የቴሌግራም ቡድንም የማስተዳድረው እኔ ነኝ። በቅርቡ አንድ አዛውንት አባላችን «ሳይንቲስቶች ከያዘው ሰው 80 በመቶውን የሚገድል ኮሮና ሠሩ» የሚል መልእክት ለጠፉ። አንድ ወጣት ደግሞ አንድ የቫይረስ ተመራማሪ በማኅበራዊ ሚዲያ የሰጠውን ማብራሪያ ተርጉሞ አስከተለ። «እነሱ ትናንት ያሉትን ዛሬ ይሽራሉ፤ እንዴት እንመናቸው?» የሚሉ በዙና ክርክሩ ከረረ። መልእክቱን ላጥፋው? እኛስ የተመራማሪዎችን ቃል በምን እንመዝን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ መልእክቱ ከባዶ የተፈጠረ ባለመሆኑ ዝም ብለው ቢያጠፉት ጥርጣሬውን ያባብሰዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በሌሎች ባለሙያዎች ገና ያልተገመገመ አንድ ጥናት በኢንተርኔት አውጥተው ነበር። ሊመልሱት የፈለጉት ጥያቄ «ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ከቀደሙት ይልቅ ቀለል ያለ ሕመም የሚያስከትለው በየትኛው ክፍሉ ምክንያት ነው?» የሚል ነበር። ለዚህም ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበትን ስፓይክ የተባለ ፕሮቲን ከኦሚክሮን ወስደው በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ ከተሠራጨው ዝርያ ጋር አዋሐዱትና በአይጦች ላይ ሞከሩት። ከአይጦቹ 80 በመቶው ሞቱ። ለዕድራችሁ የደረሰው ወሬ እዚህ ላይ ተቆርጦ የቀረ ነው።

የቀረው ግን ዋናው ነገር ነበር። በዚያው ጥናት የመጀመሪያው ዝርያ ብቻውን የተሰጣቸው አይጦች ሁሉም፣ ማለትም 100 በመቶ፣ ሞተዋል፤ ኦሚክሮን የተሰጣቸው ደግሞ አንዳቸውም አልሞቱም። ስለዚህ ድብልቁ ቫይረስ በእነዚህ አይጦች ላይ ከኦሚክሮን ይበልጥ፣ ከመጀመሪያው ዝርያ ግን ያነሰ ገዳይ ነበር ማለት ነው። አይጦቹም በየቤታችን እንደምናውቃቸው ያሉ አይደሉም፤ ቫይረሱ በሰው ሴል ላይ የሚጣበቅበትን ተቀባይ እንዲይዙ በዘረመል የተለወጡና ለኮሮና እጅግ የተጋለጡ ናቸው። የመጀመሪያው ዝርያ እነዚህን አይጦች ጨርሶ ሲፈጅ፣ ከያዛቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ እንደዳኑ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። የአይጡን 80 በመቶ ወደ ሰው አዙሮ ማንበብ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች በወቅቱ በትዊተር ደጋግመው ያስረዱት ይህንኑ ነው፤ በእኔ እምነት ትክክለኛ ሥራ ሠርተዋል።

ሆኖም «ቁጥሩ ተጣሟል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «እንዲህ ያለው ሙከራ መደረግ ነበረበት ወይ?» የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። በዚህ በሁለተኛው ላይ የሳይንስ ሰዎች ራሳቸው አልተስማሙም። ዩኒቨርሲቲው የራሱ የደኅንነት ኮሚቴና የከተማዋ የጤና ኮሚሽን ሙከራውን እንደፈቀዱ ሲገልጽ፣ «ብሔራዊ የጤና ተቋማት» የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የሕክምና ምርምር መሥሪያ ቤት በበኩሉ ጥናቱ ቀድሞ ሊገመገም ይገባ እንደነበር ወደ ማጣራት ገብቶ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስሕተት አርሞ ሁለተኛውን ጥያቄ በፌዝ የሚያልፍ ተመራማሪ ግማሹን ሥራ ብቻ ነው የሠራው፤ ያ አዛውንት አባላችሁ የፈሩት ነገር በጨዋነት ሊመለስላቸው ይገባል።

«ትናንት ያሉትን ዛሬ ይሽራሉ» የሚለው ወቀሳም እውነት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. በማኅበራዊ ገጹ ኮቪድ-19 በአየር እንደማይተላለፍ «እውነታ» በሚል ርእስ በእርግጠኝነት አሠራጨ። ያን ጊዜ በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ገና ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በሰኔ ወር መጨረሻ 239 ሳይንቲስቶች ቫይረሱ በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ ጠብታዎችም እንደሚተላለፍ ዕውቅና እንዲሰጠው በግልጽ ደብዳቤ ጠየቁ፤ ድርጅቱም ቀስ በቀስ አቋሙን አስተካከለ። ጥፋቱ ሐሳብን መለወጥ አልነበረም። ማስረጃው ገና ሳይጠራ በዚያ ዓይነት እርግጠኝነት መናገር ነበር። ልዩነቱ እስከ ለቅሶ ድንኳናችሁ ድረስ ይደርሳል፦ ቫይረሱ ወዲያው መሬት በሚወድቅ ምራቅ ብቻ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ወንበር ማራራቅ ይበቃ ነበር፤ በአየር የሚንሳፈፍ ከሆነ ግን የድንኳኑን ጎን መግለጥ ከወንበሩ እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ ይጠቅማል።

እንግዲህ አንድ ማብራሪያ ሲደርስዎ የጻፈው ሰው ሙያው በእርግጥ ቫይረስ መሆኑን፣ ጥናቱን ራሱን ማሳየቱን፣ እንዲሁም ምኑ እንደተለካና ምኑ እንዳልተለካ መለየቱን ይመልከቱ። ከማብራሪያው ቀጥሎ መድኃኒት ወይም ቅመም የሚሸጥልዎ ከሆነ ይለፉት። ስሕተቱን በዚያው ገጽ ላይ ምክንያቱን ጽፎ የሚያርም ሰው ግን፣ ከማይሳሳት መስሎ ከሚታየው ይልቅ በእኔ ዘንድ ይታመናል። የእኛ አገር ተመራማሪዎችም ይህን ሥራ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን እንዲሠሩ እማጸናለሁ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ እርማት በአማርኛ የተሠራጨውን ወሬ አይደርስበትም፤ የትርጉሙም ሸክም በእንደዚያ ወጣት ላይ ብቻ ይወድቃል።

መልእክቱን አያጥፉት። ከሥሩ ይህን ይጻፉበት፦ «80 በመቶ የተባለው ለበሽታው በተለይ የተጋለጡ የቤተ ሙከራ አይጦች ቁጥር እንጂ የሰው አይደለም፤ በዚያው ጥናት የመጀመሪያው ኮሮና ከአይጦቹ 100 በመቶውን ገድሏል፤ ጥናቱ መደረግ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ግን ባለሙያዎችንም ያከራከረ ነው።» ከመለጠፍዎ በፊት ወደ አዛውንቱ ደውለው ቢያነቡላቸው መልካም ነው።