«የስምምነቶቹን ስም በቃሌ ይዤ ፈተናው ላይ ወደቅሁ»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የውጭ ግንኙነት ባለሙያ መደብ የጽሑፍ ፈተና ተቀምጬ ነበር። አሜሪካ ያለችባቸውን የጸጥታ ስምምነቶች፣ የኔቶን፣ የአንዙስንና የኦከስን ዓመትና አባላት ሸምድጄ ብገባም የመጣው ጥያቄ፣ «እ.ኤ.አ. በ1953 የተፈረመው ስምምነት አሜሪካ ለኢትዮጵያ እንድትዋጋ ያስገድዳት ነበር? አብራሩ» የሚል ሆነ። «አዎ» ብዬ ጻፍኩ፤ አላለፍኩም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ ፈተና አለብኝ፤ በቀን ማጥናት የምችለው ሁለት ሰዓት ነው። ከየት ልጀምር?

ተፈታኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ያሳሳተዎት የሰነዱ ርዕስ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1953) በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ሁለት ስምምነቶች ተፈርመዋል። አንደኛው «የጋራ መከላከያ እርዳታ» ይባል እንጂ ውስጡ ያለው የጦር መሣሪያና ሥልጠና ነው። ሌላው ቃኘው በሚል ስም የምናውቀውን የአስመራውን ጣቢያ አሜሪካ ለ25 ዓመት እንድትጠቀምበት የፈቀደ ነው። «ኢትዮጵያ ብትወረር አብሬ እዋጋለሁ» የሚል ቃል በሁለቱም የለም።

ስለዚህ የስም ዝርዝሩን ይተዉትና ግዴታውን ያጥኑ። ለእያንዳንዱ ሰነድ አንድ ካርድ ያዘጋጁ። ካርዱ ላይ ጥቃቱ የት ሲደርስ ውሉ እንደሚሠራ፣ ግዴታውን የሚናገረውን ግስ ቃል በቃል፣ እና ከውሉ እንዴት እንደሚወጣ ይጻፉ። በኔቶ ይጀምሩ፤ ውሉ 14 አንቀጽ ብቻ ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል። አንቀጽ 5 በአንዱ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል ይላል። ብዙ ተፈታኝ እዚህ ላይ ያቆምና «ሁሉም ወዲያው ጦር ያዘምታሉ» ብሎ ነጥብ ይጥላል። ቀጣዩ ሐረግ ግን እያንዳንዱ አባል «አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን» እርምጃ ይወስዳል ነው የሚለው፤ ጦር መጠቀም ከእርምጃዎቹ አንዱ ነው። አንቀጽ 6ን አይዝለሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 አርጀንቲና በደቡብ አትላንቲክ የሚገኙትን የብሪታንያ ደሴቶች፣ ፎክላንድን፣ ስትይዝ አንቀጽ 5 ያልሠራው ውሉ የሚሸፍናቸው ደሴቶች ከትሮፒክ ኦፍ ካንሰር (ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ካለው የካርታ መስመር) በስተ ሰሜን ያሉት ብቻ ስለሆኑ ነው።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. የ1960ውን የአሜሪካና የጃፓን ውል ያንብቡ። የሚሠራው በጃፓን አስተዳደር ሥር ባለ ግዛት ላይ ጥቃት ሲደርስ ነው፤ ካሊፎርኒያ ብትጠቃ ጃፓንን አያስገድዳትም። ኦከስ ደግሞ የሰርጓጅ መርከብና የቴክኖሎጂ ትብብር እንጂ የጋራ መከላከያ ውል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተፈራረመችው የወዳጅነት ውል ስጋት ሲፈጠር መገናኘትንና አቋም ማስተባበርን ነው የሚጠይቀው። እነዚህን አራቱን ከቃኘው ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሁለት ሳምንት ቢፈጅብዎትም አይቆጭዎት፤ ትልቁ ነጥብ ያለው እዚህ ነው።

ሦስተኛውን ሳምንት ለሕጉ ይስጡት። ከተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ስለ ራስን መከላከል የሚናገረውን አንቀጽ 51ን፣ ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9(4)ንና 55(12)ን፣ እንዲሁም የዓለም አቀፍ ስምምነቶች አዋጅ ቁጥር 1024/2009ን ያንብቡ። «ተፈረመ» እና «ጸደቀ» አንድ አይደሉም። አስፈጻሚው የፈረመውን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ዓመተ ምሕረት ሲቀይሩም ይጠንቀቁ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከእ.ኤ.አ. ዓመት ላይ ሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ስምንት ይቀነሳል። የኔቶ አንቀጽ 5 እስካሁን ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2001 ነው፤ በእኛ መስከረም 2 ቀን 1994። ስምንት የቀነሰ ሰው 1993 ብሎ ይጽፋል። መልስዎ ላይ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ማለትን አይርሱ።

የቀረውን ጊዜ ሰዓት ይዘው ይጻፉበት፤ ለአንድ ጥያቄ 15 ደቂቃ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ያስገድዳል» ወይም «አያስገድድም» ይበል፣ ሁለተኛው አንቀጹን ይጥቀስ፣ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ታሪኩን ካስቀደሙ ደቂቃው ያልቅና መልሱ ሳይጻፍ ይቀራል።