ዘሩን በባክቴሪያ ለውሱ ተባልን፤ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ እማዬ ግን ፎገራ ላይ ሩዝ ታመርታለች፣ ሩዙ ሲነሣ ሽምብራ ትዘራለች። የግብርና ባለሙያው ጥቁር ዱቄት በከረጢት ሰጥቷት «ባክቴሪያ ነው፣ ዘሩን ለውሺበት» አላት። እሷ ደግሞ «በሽታ በእጄ ልዝራ?» ብላ ምድጃ አጠገብ ወርውራዋለች። እውነት ባክቴሪያ ተክል ውስጥ ይኖራል? ለሩዙስ አይሆንም? የዩሪያ ዋጋ አንገብግቦናል።
የፎገራዋ ልጅ

መልስ፦ እናትሽን አልፈርድባቸውም፤ ባክቴሪያ ሲባል ለሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ታይፎይድ ነው። ይኼኛው ግን ሰው አያሳምምም። መጀመሪያ ከረጢቱን ከምድጃው አንሡልኝ፣ ሙቀት ይገድለዋል።

አዎ፣ ተክል ውስጥ ይኖራል። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ሽምብራ እንዳለ ሊወስደው አይችልም። ራይዞቢያ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ሥሩ ውስጥ ገብተው እባጭ ይሠራሉ፤ እሱ ስኳር ይቀልባቸዋል፣ እነሱ ናይትሮጅኑን ወደሚጠቅመው ዓይነት ይለውጡለታል። ማየት ከፈለግሽ ማሳው ሲያብብ አንድ እግር ሽምብራ ከነአፈሩ ቆፍረሽ አውጪ (አትንቀይው፣ እባጩ ተበጥሶ ይቀራል)፣ ሥሩን በውኃ እጠቢና አንዱን እባጭ በጥፍርሽ ሰንጥቂው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀለሙ የሚመጣው የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ከሆነ ፕሮቲን ነው። ግራጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ሥራ ፈት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ ከረጢቱ ላይ «ለሽምብራ» የሚል ይኑር። የባቄላው ለሽምብራ አይሠራም፣ ለጓያ ቢሆን ያስኬድ ነበር። የአገልግሎት ጊዜውንም እዪ። ዘሩን ጥላ ሥር በትንሽ ስኳር ውኃ አርጥባችሁ ለውሱት፣ የፈንገስ መድኃኒት አይነካው፣ በዚያው ቀን ዝሩት።

ወደ ሩዙ ስንመጣ፣ ሩዝ እባጭ የለውም። ባክቴሪያ ግን አለው፤ የጎን ሥሮች ሲበቅሉ በሚፈጠረው ስንጥቅ ይገባና በሴሎቹ መሀል ይኖራል። ግብጽ ውስጥ፣ የእኛው ዓባይ በሚደርስበት ዴልታ፣ ገበሬው ሩዝን በርሲም ከሚባል፣ እንደ ሽምብራ ሥሩ እባጭ ካለው የከብት መኖ ተክል ጋር እያፈራረቀ ይዘራል። በ1997 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የዚያ መኖ ራይዞቢያ ሩዙ ሥር ውስጥ ገብቶ እንደሚኖር ጽፈዋል። እኔን የገረመኝ ጥቅሙ ነው፦ ዋናው ናይትሮጅን ማቀበል ሳይሆን የእድገት ሆርሞን አምርቶ ሥሩን ማብዛቱ ነው፣ ሥር ከበዛ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ያለውን ምግብ አሟጦ ይስባል። ስለዚህ በዚህ ተማምናችሁ የሩዙን ዩሪያ እንዳታቆሙ። ይልቅ ሽምብራውን ስትሰበስቡ እንደ ልማዳችን ከመንቀል በማጭድ እጨዱት፤ ሥሩ እዚያው በስብሶ ለቀጣዩ ሩዝ ይተርፋል። ሽምብራው ላይ ግን ዩሪያ አታብዙ። ከጠገበ ባክቴሪያውን ማን ይጠራዋል?