የባሕር ዳር አየር ለምን በአነስተኛ ቮልቴጅ ብልጭታ ይሰጣል?

ጠያቂያችን ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት የናስ ኳሶችን በ10 ሚሊ ሜትር ርቀት አቁመው ካፓሲተሩን (ቻርጅ የሚያጠራቅመውን ዕቃ) በዲሲ (አቅጣጫውን በማይቀይር ጅረት) ሲሞሉ፣ ብልጭታው መጽሐፉ ከሚለው 30 ኪሎቮልት ይልቅ በ25 አካባቢ እንደሚነሣ፣ ቁጥሩም በየጊዜው እንደሚዋዥቅ ገልጸው፣ ምክንያቱ የጣና እርጥበት ይሆን ወይ ብለዋል። በከፍተኛ ቮልቴጅ ሥራ ላይ እንደቆየ ሰው ስመልስ፣ ሐይቁ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው።

የመጽሐፉ ቁጥር የባሕር ጠለል ነው፤ ማለትም የ101.3 ኪሎፓስካል ግፊትና የ20 ዲግሪ ሙቀት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ግፊቱ ወደ 82 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ የ25 ዲግሪ ሙቀት ሲታከልበት የአየሩ አንጻራዊ እፍግታ (ከባሕር ጠለሉ አየር ጋር ሲነጻጸር) 0.8 ያህል ይሆናል። በትላልቅ ኳሶች መካከል ለአንድ ሴንቲ ሜትር የሚሰጠውን 31 ኪሎቮልት ገደማ በዚህ ቢያባዙ የእርስዎን 25 ያገኛሉ። የፊዚክስ ሊቁ ፓሸን በ1889 እንዳሳየው፣ የብሬክዳውን ቮልቴጁ (አየሩ ተሸንፎ ብልጭታ የሚነሣበት ቮልቴጅ) የሚወሰነው በግፊትና በርቀት ብዜት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሮን በሁለት ግጭቶች መካከል የሚሮጥበት መንገድ ስለሚረዝም ብዙ ጉልበት ያጠራቅማል፣ የመታውም ሞለኪውል ሌላ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ እነዚያም እየተባዙ ይሄዳሉ። መደበኛ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ተብለው ስለሚሠሩ፣ ለደጋው አገራችን የኢንሱሌተር (ጅረት የማያሳልፍ ድጋፍ) ርቀት ሲመረጥ ይኸው ስሌት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘነጋል።

እርጥበትስ? የውኃ ተን ኤሌክትሮኖችን ስለሚይዝ በኳሶች መካከል ቮልቴጁን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ጤዛ በድጋፉ ፕላስቲክ ላይ ካረፈ ጅረቱ በገጽታው ላይ ይሾልካልና ድጋፉን በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት።

መዋዠቁ ግን ከከፍታው ጋር አይገናኝም። ቮልቴጁ ቢደርስም ሂደቱን የሚጀምር አንድ ነጻ ኤሌክትሮን እስኪገኝ መጠበቅ ግድ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ሄርዝ በ1887 የአንዱ ብልጭታ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሌላውን ብልጭታ እንደሚያቀልለት ያስተዋለውም፣ ብርሃኑ ከብረቱ ኤሌክትሮን ስለሚያላቅቅ፣ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነው። በማርክስ ጀነሬተር (ካፓሲተሮችን በብልጭታ ክፍተቶች አያይዞ ቮልቴጅ በሚያባዛው መሣሪያ) ላይ ክፍተቶቹ እንዲተያዩ ተደርገው የሚደረደሩት ለዚሁ ነው፤ እኔም ብርሃን በማያሳልፍ ሣጥን ለየብቻ እንዳይሸፍኗቸው እመክራለሁ። በኳሱ ላይ ያረፈ አቧራ፣ ማታ መብራት አይተው ከሐይቁ ዳር የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት፣ የተቦረቦረ ናስም ቁጥሩን ያወርዱታል። አከታትለው ከተኮሱ ደግሞ የጋለው አየር ሳይበርድ ቀጣዩ ስለሚመጣ፣ በትንሽ ማራገቢያ ያስነፍሱበት።

የባሕር ጠለሉን ቁጥር የግድ ከፈለጉ ክፍተቱን ወደ 12.5 ሚሊ ሜትር ማስፋት ቀላሉ ነው፤ በዝግ ዕቃ ውስጥ ደረቅ አየር በ0.2 ባር ያህል ጨምሮ መሙላትም ይቻላል። ክፍተቱን ከመንካትዎ በፊት ካፓሲተሩን ሬዚስተር (ጅረትን የሚገድብ ዕቃ) ባለው የመሬት ዘንግ ያራግፉ፤ ከተራገፈ በኋላም የተረፈ ቻርጅ ተመልሶ ቮልቴጅ ሊያነሣ ስለሚችል፣ ሥራዎን እስኪጨርሱ ጫፎቹን በሽቦ አገናኝተው ያቆዩአቸው።