መልስ፦ ላኦስ ገጠር ለሚሠራ መዋዕለ ሕፃናት ገንዘብ ላዋጣ?

ወንድሜ፣ «ላኦስ ገጠር መዋዕለ ሕፃናት ለሚሠራ በጎ አድራጎት ባዋጣ ይጠቅማል ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ በጣም ይጠቅማል። ግን ሕንፃውን ብቻ አትይ። አገሪቱ 50 ብሔረሰቦች አሏት፤ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ግን ላኦ ነው። የህሞንግ ወይም የክሙ ልጅ ቤቱ የሚሰማው ሌላ ነው። በ6 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩ የሚለው አይገባውም። ስለዚህ ጠይቃቸው፦ መምህሯ የልጆቹን ቋንቋ ትችላለች? ደሞዟንስ ማን ይከፍላል?

መሬቱም አለ። ከ1964 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጥላበታለች። ያልፈነዳው ዛሬም አፈር ውስጥ ነው። በተለይ በቦምብ ክፉኛ የተመታው የሺየንግ ኩዋንግ ክፍለ ሀገር ከሆነ፣ መሠረት ሳይቆፈር ቦታው መፈተሹን አረጋግጥ። እኔን ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፤ ሕፃናት የሚሮጡበት ግቢ ነዋ!